ድንጋይ የምትበላው ቦታ

ሽንት ባይወጥረኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍላችሁም ነበር። አትሳቁ! በተለይ ወንዶቹ አትሳቁ። እናንተ ዞር ብላችሁ ግራር ሥር ጨርሳችሁ ትመጣላችሁ፤ እኔ ግን ወንድ በፈሰሰበት ሜዳ ላይ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩና ሰው የማያየኝ ቦታ እስካገኝ ድረስ ሩቅ መሄድ ነበረብኝ። ስንት ሰው ያተረፈችው ያቺ ሩቅ መሄዴ ናት።

ራሄል እባላለሁ፤ አዳማ ተወልጄ አዳማ ያደግሁ። የባቡር መንገድ ጥገና መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ ባጭሩ ሐዲዱ ደህና መሆኑን አይቶ መፈረም ነው። ያኔ ምላሴ ረጅም፣ ትዕግሥቴ አጭር ነበር፤ የሚያውቁኝ አሁንም ብዙ አልተሻሻለችም ይላሉ። ብረት ከሆነ ስበላም ስተኛም የማስበው እሱኑ ነበር። ስለ መሬት ግን አስቤ አላውቅም። መሬት ለእኔ ሐዲድ የሚቀመጥበት ነገር ነው፤ አለቀ። እግራችሁ ሥር ስላለው ነገር እናንተስ መቼ ታስባላችሁ?

ነገሩ የሆነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ለቀናት ሲወርድ የከረመው ዝናብ ባባራ ዕለት ጠዋት፣ ቁርሴን እንኳ ሳልጨርስ አለቃዬ አቶ ግርማ ደወሉ።

“ራሄል፣ ዕቃ ጫኙ ባቡር ወድቋል። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ። ቶሎ ድረሺ።”

“ሰው ተጎድቷል?”

“ሾፌሩ ክንዱን ነው። በይ ድረሺ አልኩሽ እኮ!”

ደረስኩ። ሦስት ፉርጎዎች ከባቡሩ መሀል ወጥተው በጎናቸው ተጋድመዋል። የጫኑት ማዳበሪያ ጆንያው ተቀዶ ጭቃው ላይ ፈስሷል፤ ሜዳው በረዶ የጣለበት ይመስላል። የአንዱ ፉርጎ ጎማ ሽቅብ ወደ ሰማይ ዞሯል። ያን ያህል ክብደት ያለው ብረት እንዲህ ተገልብጦ ስታዩ አፋችሁ ይዘጋል። የእኔ አፍ ሲዘጋ ደግሞ ለሚያውቀኝ ተአምር ነው።

ሾፌሩ ጀማል ትከሻው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ተደርጎለት፣ ክንዱ በሻሽ ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ፣ እሱ ግን የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። አንድ ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ ይጠይቀዋል።

“ጀማል፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች። ምን ሆነ?” አልኩት።

“ወላሂ ራሄል፣ እኔ አልፌ ነበር። ሎኮሞቲቩ አልፏል። ፊተኞቹ ፉርጎዎችም አልፈዋል። ከዚያ ከኋላዬ መሬቱ ቁጭ አለ።”

“እንዴት ነው መሬት ቁጭ የሚለው?”

“እኔ ምን አውቄ! ቁጭ አለ ነው የምልሽ።”

ፖሊሱ ፈገግ አለ። ወዲያው አቶ ግርማ መልሰው ደውለው የባቡሩ ፍጥነት መቅጃ ተነቦ ጀማል ከተፈቀደለት ፍጥነት ትንሽ አልፎ መገኘቱን ነገሩኝ። በቃ፣ ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ፈረደ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጀማል በሁሉም አፍ ጥፋተኛ ሆነ።

ባቡር ሲወድቅ ሰው ሁሉ የሚሮጠው የወደቀው ፉርጎ ወደተከመረበት ነው። የእኛ ሥራ ግን ወደ ኋላ መሄድ ነው። ጎማ ሐዲዱን ሲለቅ ከሐዲዱ ሥር የተደረደሩትን የኮንክሪት ትራቨርሳዎች እየቧጨረ ይሄዳል። ጭረቱን ተከትላችሁ መጀመሪያ የለቀቀበትን ቦታ ታገኛላችሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚያ ነው። እኔም አጎንብሼ ወደ ኋላ ስሄድ ስሄድ የመጀመሪያዋን ጭረት አገኘኋት። እዚያ ቦታ ሐዲዱ ረገብ ብሏል። ድንገት ግን ዓይኔ ጠጠሩ ላይ አረፈ። ከግራም ከቀኝም ያለው ጠጠር አቧራ የጠጣ፣ የጠቆረ ነው። ያቺ ቦታ ላይ ያለው ብቻ አዲስ፣ ከድንጋይ ካባ ትናንት የወጣ ይመስላል።

የጥገና ቡድኑን ካፖ፣ የሠራተኞቹን አለቃ ፈይሳን ጠራሁት። ፈይሳ የጨዋታ ሰው ነው፤ ሠራተኞቹ ሳይጠጡ የሚሰክሩት በእሱ ወሬ ነው።

“ፈይሳ፣ ይህ ጠጠር ለምን አዲስ ሆነ?”

“እንዴ! ይቺማ ሆዳሟ ናት!” ብሎ ሳቀ። ሠራተኞቹም አብረውት ሳቁ።

“ማናት ሆዳሟ?”

“ስም አውጥተንላት ነው እንጂ ይቺው ቦታ ናት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ትራባለች፤ ዝቅ ትላለች። አንድ ቢያጆ ጠጠር በመኪና እናመጣና እናጎርሳታለን፤ ጠቅጠቅ እናደርጋታለን። ትጠግብና ደህና ትከርማለች። ባለፈው ሳምንት እንኳ በልታለች።”

እኔም ሳቅኩ። የእኛ አገር ሠራተኛ ስም ሳያወጣ ሥራ አይሠራም። ለመኪናው፣ ለአለቃው፣ ለዲጂኖው ሳይቀር ስም አለው። ስም ከወጣለት ደግሞ ነገሩ የቤተሰብ አባል ይሆናል፤ የቤተሰብ አባል አመል ደግሞ ማን ይመረምራል? ሆዳም ናት፣ አመሏ ነው፣ ይባላል።

በማግስቱ ፉርጎዎቹ በክሬን ተነሡ። የተሰባበሩት ትራቨርሳዎች ተለወጡ፣ ሐዲዱ ተቃና፣ ሆዳሟም እንደ ልማዷ አንድ ቢያጆ ጎረሰች። ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማ ደወሉ።

“ራሄል፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የመንገደኛ ባቡር ከጠዋት ጀምሮ አዳማ ቆሟል። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሊደበድቡን ምንም አልቀራቸውም። ለካኪሽ?”

“ለክቻለሁ፤ ልኩ ደህና ነው።”

“እንግዲያው ፈርሚና ይለፍ።”

ደህና ነበር፤ አልዋሸሁም። መሣሪያው የሚለካው ሐዲዱን ነው፤ ሐዲዱ ደግሞ ቀጥ ብሏል። እኔ ከፈረምኩ መንገደኛው ባቡር ይነሣል፤ ካልፈረምኩ አይነሣም። ሥራው ይኸው ብቻ ነበር። ግን የጀማል “ቁጭ አለ” ሆዴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። እሱን ሳሰላስል፣ የዋለ ሽንቴ ደግሞ አላስቆም አለኝ።

“መጣሁ፤ አንድ ጊዜ” አልኩት ፈይሳን፤ የት እንደምሄድ ስለገባው ዓይኑን ወደ ሌላ መለሰ።

የባቡሩን አጥር አልፌ ወደ ግራሮቹ ገባሁ። እዚያ ደግሞ ከብት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ጨምሬ ራቅሁ። በመጨረሻ ጥሩ መከለያ አገኘሁ። ተቆርጦ የተከመረ የግራር እሾህ ነው፤ እንደ በረት አጥር ረዥም ሆኖ ተጋድሟል። ከእሾሁ ወዲያ ብሻገር ማንም አያየኝም ብዬ የሳሳች ቦታ ፈልጌ እግሬን አነሣሁ።

“ዻበዹ! ቁሚ! ቁሚ አንቺ ልጅ!”

ክው ብዬ ቀረሁ። ዱላ የያዙ ሽማግሌ እየሮጡ መጡና ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። በጣም ተናደድኩ።

“አባባ፣ ምን አደረግኋችሁ? መሬታችሁን አልወስድ!”

“መሬቱ ይወስድሻል እንጂ አንቺ የት ትወስጂዋለሽ!” አሉኝ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። “ነይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ እዪ፤ ግን እኔ በረገጥኩበት ብቻ ርገጪ።”

ኦቦ ቱሉ ይባላሉ፤ ያ ሜዳ የእሳቸውና የወንድሞቻቸው የግጦሽ መሬት ነው። በዱላቸው እሾሁን ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ያለው መሬት ተሰንጥቋል። ጉድጓድ አይደለም፤ ስንጥቅ ነው። ሰው የሚያሳልፍ ስፋት አለው፤ ግራና ቀኙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ሣሩ በአፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ታች አየሁ፤ ታች የሚባል ነገር የለም። ሽንቴ የት እንደሄደ እንጃ፣ ጠፋ።

“አምና ክረምት ጊደር በላብኝ” አሉ ኦቦ ቱሉ። “ስትጮህ ሰማናት እንጂ አላየናትም። ከዚያ ወዲህ ሰውም ከብትም እንዳይገባ እሾህ እናለብሰዋለን። በየክረምቱ ይረዝማል፤ እኛም እሾሁን እናስረዝማለን።”

“እስከ የት ድረስ?”

በዱላቸው አመለከቱኝ። የእሾሁ አጥር ቀጥ ብሎ፣ ገመድ የተወጠረበት ያህል ቀጥ ብሎ፣ ወደ ባቡሩ አጥር ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ከሐዲዱ ማዶ፣ ከዚያኛው አጥር ወዲያ፣ ሌላ የእሾህ አጥር በዚያው መስመር ላይ ይጀምርና ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል። በሁለቱ መሀል ምን አለ? ፈይሳና ሠራተኞቹ ቆመው ይታዩኛል። የቆሙት ሆዳሟ ላይ ነው።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ስንጥቁ በሐዲዱ ሥር አልፏል! እኛ ከአጥራችን ውጭ አንድም ቀን አላየንም እንጂ፣ ለገበሬው በሰፊ ሜዳ ላይ በእሾህ የተሰመረ ግልጽ ነገር ነበር።

“አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር እያወቁ ለምን አልነገሩንም?” አልኳቸው። በቁጣ ነው የጀመርኩት፤ ስጨርስ ግን እያለቀስኩ ነበር።

ኦቦ ቱሉ ግራ ተጋብተው አዩኝ። “አታውቁም እንዴ? እናንተ እኮ ክረምት በመጣ ቁጥር ድንጋይ በመኪና እያመጣችሁ እዚያችው ቦታ ትጨምራላችሁ። እኛ እሾህ እናለብሳለን፣ መንግሥት ደግሞ አቅም አለውና በድንጋይ እየሞላው ነው ብለን ስንመርቃችሁ ነበር።”

እነሱ እኛን አይተው አረፉ፤ እኛ ደግሞ በሆዳሟ እየሳቅን አረፍን።

ወደ ሐዲዱ ስመለስ እየሮጥኩ ነው። ስልኩ ጠራ።

“ፈረምሽ?” አሉ አቶ ግርማ።

“አልፈርምም። ከሐዲዱ ሥር መሬቱ ክፍት ነው።”

“አየሽው?”

“ከአጥሩ ውጭ አየሁት። ከሥር ገና አላየሁም።”

“ራሄል፣ ሰው እዚህ እየጮኸብኝ ነው። በግምት ባቡር አላቆምም። ካልፈረምሽ ሌላ ሰው ይፈርማል።”

“ይምጣና ይፈርም! ፈርሞ ግን ባቡሩ ሲያልፍ እዚሁ ሐዲዱ ዳር ይቁም!”

ስልኩን ዘጋሁባቸው። አለቃ ላይ ስልክ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። “ፈይሳ፣ ሆዳሟን ቆፍርልኝ” አልኩት።

“ሆዳሟን? አሁን እኮ ነው በገዛ እጄ የሞላኋት!”

“ቆፍር አልኩህ፤ በፈጠረህ!”

ፊቴን ሲያይ ጨዋታውን ተወ። ከሐዲዱ ጥግ ጠጠሩን ገለጡ፤ ከጠጠሩ ሥር ያለውን አፈር ጠረጉ። ፈይሳ ረዥሙን ዲጂኖ አንሥቶ መሬቱን መታው። መሬቱ ጠንካራ ነው። ደግሞ መታው፤ ጠንካራ ነው። “አየሽ?” ብሎ ሊያሾፍብኝ ሲል ባለ በሌለ ኃይሉ አንድ ጊዜ ጨመረበት። ዲጂኖው አልቆመም፤ ከእጁ ሾልኮ፣ ያ ሁሉ ርዝመት፣ መሬት ውስጥ ገባና ጠፋ።

ሁላችንም ድምፁን ጠበቅን፤ አልመጣም። ፈይሳ ባዶ እጁን አየ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከእግራችን ሥር በጣም ከሩቅ፣ ብረት ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። እንደገና ሌላ ቦታ መታ። እንደገና፣ አሁን በጣም ቀጥኖ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከቀዳዳዋም አየር ወጣ፤ ቀዝቃዛ፣ እርጥብ አየር ፊታችንን ነካው። መሬት ተነፈሰች።

“ቢስሚላሂ!” አለ አንዱ። “በስመ አብ!” አለ ሌላው። ፈይሳ ቆቡን አወለቀ። እኔ በሆዴ ተኝቼ በእጄ ቀዳዳዋን ማስፋት ጀመርኩ፤ ፈይሳ እግሬን ይዞልኝ፣ የስልኬን መብራት ወደ ውስጥ ለቀቅሁት። ግድግዳው ግራና ቀኝ ልሙጥ ሆኖ ይወርዳል። ወጣ ወጣ ባለበት ቦታ ሁሉ ነጭ ጠጠር ተሰክቷል። ስናጎርሳት የኖርነው ጠጠር ነው። ከዚያ በታች መብራቴ አልደረሰም። ከላይ ደግሞ፣ በዚያ ባዶ ላይ፣ የተረገጠች ቀጭን አፈር፣ በአፈሯ ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ ያ የለካሁት ቀጥ ያለ ሐዲድ። ዕቃ ጫኝ ባቡሮች፣ መንገደኛ ባቡሮች፣ ስንቱ በዚህች ቅርፊት ላይ ሲያልፍ ኖሯል! ፈጣሪን እንዴት ብዬ እንደጠራሁት ራሴም አላስታውስም።

ጉድጓዱን በስልኬ ቀርጬ ቪዲዮውን ለአቶ ግርማ ላክሁላቸው። ብዙ ቆይተው ደወሉ። ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም ነበር።

“ሰዎቹን ከላዩ ላይ አርቂያቸው” አሉ። “አንቺም ራቂ። ባቡሩ ይመለሳል።”

መስመሩ ለወራት ተዘጋ። የመሬት ጥናት ባለሙያዎች መጥተው ስንጥቁን በመሣሪያ ተከተሉት፤ በእሾሁ አጥር ላይ ነበር የሚሄዱት። ስምጥ ሸለቆው ቀስ እያለ እየተከፈተ መሆኑን፣ የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ ስንጥቁን የደፈነውን አፈር ጠርጎ ወደ ታች እንደሚያወርደው አስረዱን። ዕረፍት ሳገኝ ሌሎች ስንጥቆችን ለማየት ወደ መቂና ወደ ቡልቡላ ሄጃለሁ። መቂ ላይ የሽንኩርት ማሳ መሀል ለመሀል ተሰንጥቆ፣ ገበሬው ከወዲህም ከወዲያም ሲያጠጣ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አገር ላይ ነው ቤት የሠራነው፣ ገበያ የምንቆመው፣ የምንዳረው። አሁን መሬት ስረግጥ እንደ ድሮው አልረግጥም።

ጀማል ፍጥነቱ ትንሽ ማለፉ እውነት ስለነበር ተግሣጽ ደረሰው፤ ባቡሩን የጣለው ግን እሱ እንዳልሆነ ተጻፈለትና ወደ ሥራው ተመለሰ። በሐዲዱ ሥር ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር የሚሻገር የኮንክሪት ድልድይ ተሠራ። የጥገናችን ደንብም ተለወጠ። አንድ ቦታ ሁለተኛ ጠጠር ከጠየቀ ከመሙላት በፊት ይቆፈራል። ዝናብ ካባራ በኋላ ቡድኑ ከአጥሩ ውጭ ወጥቶ፣ ከኦቦ ቱሉና ከመሰሎቻቸው ጋር ሜዳውን ይዞራል። ሌላዋን ደንብ እኔ ነኝ ያስገባኋት፤ ስብሰባው ላይ ተሥቆብኛል። አዲስ ቦታ ስደርስ ሠራተኞቹን መጀመሪያ የምጠይቃቸው “ስም ያወጣችሁለት ቦታ አለ?” ብዬ ነው። ይስቁና ይነግሩኛል። አንድ ጣቢያ ላይ “እንቅልፋሟ” የምትባል የመስመር መቀየሪያ አገኘን፤ ስትፈታ ስንጥቅ ተገኘባት። እናንተም ቤት፣ እናንተም መሥሪያ ቤት፣ ስም ወጥቶለት የተሣቀበት ነገር ካለ ሄዳችሁ እዩት። ለእኔ ስትሉ እዩት።

ዲጂኖው መሬት ውስጥ የጠፋ ዕለት ወደ ማታ ግን አዳማ ጣቢያ ሄጄ ነበር። መሄድ አልነበረብኝም። ብቻ በዚያ ባቡር ሊያልፉ የነበሩትን ሰዎች ማየት ፈለግሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሕፃናት በሻንጣ ላይ ተኝተዋል። አንድ ሰውዬ ቆሎ ይቆረጥማል። ወጣቶች በስልክ ዘፈን ከፍተው ይከራከራሉ። ሚስቱን የሚለምን አለ፣ የሚያዛጋ አለ፣ ገንዘቤን መልሱ እያለ የሚጮህ አለ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው። ማናቸውም የሆነውን አያውቁም። አስቡት፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ማዛጋት!

ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት የሥራ ልብሴን አይተው ተነሡ።

“አንቺ ነሽ አሉ መንገዱን የዘጋሽው? ልጄ ድሬዳዋ ላይ ወልዳ ተኝታለች፤ ብቻዋን ናት! ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ደረቅኩ። ድራሽሽ ይጥፋ!”

“እኔ ነኝ እናቴ” አልኩ። “ይስደቡኝ።”

“ምን?”

“ይስደቡኝ፤ ደስ ይለኛል።”

እንባዬ መውረድ ጀመረ፤ ማቆም አቃተኝ። እሳቸው ደነገጡ፤ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩ።

“ኧረ በማርያም! ምነው ልጄ? ይህን ያህል እኮ አልተሳደብኩም። ነይ ቁጭ በይ።” ቅርጫታቸውን ከፍተው ለአራሷ ልጃቸው የያዙትን ዳቦ ቆረሱልኝ። “እንቺ ብዪ፤ ፊትሽ ገርጥቷል። ሥራ አስኪያጆቹ ናቸው እንጂ አንቺ ምን ታደርጊ።”

አጠገባቸው ተቀምጬ በላሁ። ትንሽ ቆይተው ስለ ባቡሩ፣ ስለ መዘግየቱ፣ ስለ እኛ ሁላችን ደንታ ቢስነት መልሰው መሳደብ ጀመሩ። እስኪጨርሱ ድረስ አዳመጥኳቸው።